ስለ ሰው ዓረፍተ ነገር መጨረስ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሰው እየተናገረ መሐል ላይ ቃል ሲጠፋው፣ ፈጥናችሁ ቃሉን አቀብላችሁ ዓረፍተ ነገሩን ስትጨርሱለት፣ የጨረሳችሁት እሱ ሊለው የነበረውን ነው ወይስ እናንተ ልትሰሙት የፈለጋችሁትን? አትቸኩሉ፤ አስቡበት። እኔ እንደሆነ ጊዜ አለኝ። በዚህ ዕድሜ ከጊዜና ከቂም በቀር የተረፈኝ ነገር የለም። ጉልበቴ ሄዷል፣ ጥርሴም ሄዷል፤ ቂሜ ግን እንደ ልጅነቱ ነው።

እኛ ደግ ሰዎች ነን። እንጀራ እንደምናጎርስ ቃልም እናጎርሳለን። አፉን የከፈተ ሁሉ የተራበ ይመስለናል። አንዱ "እኔ እኮ…" ሲል "ደከመህ አይደል?" እንለዋለን፤ አንዷ "ይሄ ልጄ እንዲያው…" ስትል "አስቸገረሽ" እንላታለን፤ ጉርሻ መመለስ ነውር ስለሆነ ሰው የተሰጠውን ውጦ ዝም ይላል። ከዚያ ተግባባን ብለን እንለያያለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኛ ግን ያፈሰስነውን እንኳን ልንለቅም፣ መፍሰሱንም አላየን።

ይህን ሁሉ የቆሰቆሰብኝ አንድ መጽሐፍ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሰው አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ፣ ጎረቤቶቼ አንብበው የጨረሱትን ሁሉ አምጥተው እኔ ላይ ያራግፋሉ። ባለፈው ደግሞ ከበላዬ ፎቅ ላይ የምትኖር ኮረዳ ለወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ ትታልኝ ሄደች። ታሪኩ ስለ ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ነው፤ ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ አንደኛው ለጓደኛው ያለው ስሜት ሌሎች ልጆች ለጓደኞቻቸው ካላቸው የተለየ መሆኑ ቀስ እያለ ይገባዋል። እሰየው አልኩ። በኛ ጊዜ ለወጣት የሚጻፈው ስለ ትራክተር ነበር።

ብዙ ነገሩ አናደደኝ፤ አልዋሽም። ልጁ በየምዕራፉ መስታወት ፊት ቆሞ "እኔ ማነኝ?" ይላል። እኛ ቤት አንድ መስታወት ነበር፤ አባቴ ጢሙን የሚከረክምበት። እዚያ ፊት ቆሞ "እኔ ማነኝ?" የሚል ልጅ ቢገኝ፣ የማን ልጅ እንደሆነ በአርጩሜ ይነገረው ነበር። እንዲህ እያፌዝኩ ስገልጥ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እጅ ለእጅ መያያዝ ፈልገው፣ መንገደኛው ምን ይለናል ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ የሚከቱበት ገጽ ላይ ደረስኩ።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ምክንያቱም እኔ ያደግሁት ጎባ ነው። ጎባ ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ትንንሽ ጣታቸውን አቆላልፈው፣ አንድ ቡልኮ ለሁለት ተከናንበው፣ ከላይ ገበያ እስከ ታች ሰፈር ቢሄዱ ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም። ያስገርም የነበረው ተለያይተው ቢሄዱ ነው። "ምነው፣ ተጣላችሁ?" የሚል ሽማግሌ ከየበሩ ይወጣ ነበር። የመጽሐፉ ልጆች የተሰቃዩት ሁሉም ስለሚያያቸው ነው። የኛዎቹ ደግሞ ማንም ስለማያያቸው። የቱ እንደሚሻል እናንተ ፍረዱ፤ እኔ ፈርጄ ጨርሻለሁ።

ከኛዎቹ አንዱ ወንድሜ ነው። አማን ይባላል፤ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር፤ እናታችን ቤት ትውላለች። አማን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ምላሱ ይያዛል። ሞኝ ልጅ አይምሰላችሁ፤ ከቤታችን እንደሱ የሚያስብ አልነበረም። ቃሉ ግን በር ላይ ደርሶ ይቆማል። በዚህ ላይ ከተማው በሙሉ እንዳልኳችሁ ደግ ነው። ላምባ እንዲገዛ ይላካል፤ ሱቅ ደርሶ "ላ… ላ… ላ…" ሲል ባለሱቁ "ላጲስ! እንካ የኔ ልጅ፣ አትቸገር" ብሎ ይሰጠዋል። አማን አመስግኖ ላጲስ ይዞ ይመጣል። እናታችን ኩራዙን በላጲስ አታበራው ነገር፣ ትስቃለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። ቤታችን ውስጥ አንድ ጣሳ ሙሉ ላጲስ ነበር። አስተማሪዎቹ መልሱን ይጨርሱለታል፤ ስለዚህ የተሳሳተው ሁሌ እሱ ነው። እኔም፣ አባቴም፣ እናቴም እንጨርስለት ነበር። ከፍቅር ነው፤ ምን እናድርግ።

ከዚያ ጀማል መጣ።

ጀማል የአዴ ሀሊማ ልጅ ነው፤ ሮቤና ጎባ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ባሏ የሞተባት ሴት፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም። ከሮቤ ወደ ጎባ ቤታቸውን ሲያዛውሩ ዘጠነኛ ክፍል ከአማን ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የመጀመሪያ ቀን ከትምህርት ቤት አብረው እኛ ቤት መጡ፤ ዝናብ ነበር። አማን በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ሊነግረኝ ጀመረ፤ ቃሉ ተያዘ። እኔ እንደ ልማዴ ልጨርስለት አፌን ስከፍት ጀማልን አየሁት።

እየጠበቀ ነበር። ሰው ሲጠብቅ አይቼ የማላውቅ መሰለኝ። የሚያዝን ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይጠብቃል፤ የቸኮለ በከንፈሩ ያግዛል። ጀማል ግን የፈረስ ውርንጭላ ስትወለድ የሚያይ ሰው ይመስል ነበር። እጁን አይዘረጋም፣ አይጎትትም፤ በራሷ እግር እንደምትቆም ያውቃል፤ እስክትቆም ደግሞ ከዚያ የበለጠ የሚታይ ነገር በዓለም ላይ የለም። ውሃ ከፀጉሩ ይንጠባጠባል፣ እሱ አይጠርገውም። አማን ያቺን ቃል አወጣት። ምን እንደነበረች ረስቻለሁ፤ ምናልባት "ራበን" ነው። ጀማል ግን የምሥራች እንደሰማ ሰው ፊቱ በራ።

እነሆ ይህን ያህል አንብቤ፣ ይህን ያህል የፍቅር ታሪክ ደርድሬ፣ ከዚያች የዝናብ ቀን የሚበልጥ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ጀማል ከቤታችን አልጠፋም። ከኛ ጋር ይበላል፣ የአባቴን የስፌት መኪና ቅባት ይቀባል፣ የዙሁር ሶላት ሲደርስ ከአማን ጋር ይሰግዳል። ብርዱ ሲጠና በአንዱ ቡልኮ ሁለቱም ይገቡና ደጃፍ ተቀምጠው ያወራሉ። አዎ፣ ያወራሉ! አማን ከጀማል ጋር ሲሆን ምላሱ ይፈታል፤ ባይፈታም ግድ የለውም፣ የሚያሳድደው የለም። እናቴ "ያ ረቢ፣ ይሄን ልጅ ማን ላከልኝ?" ትላለች። እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ ነበረኝ። አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ጥያቄዬን በራሴ መለስኩት፤ ለኔ ነው የተላከው አልኩ።

እንዲህ ማለቴ አያስገርምም። በአገራችን እህቲቱን የፈለገ ጨዋ ልጅ እህቲቱን አያያትም፤ ወንድሟን ነው የሚወዳጀው። ከወንድሟ ጋር ይበላል፣ ከወንድሟ ጋር ይሰግዳል፣ ለእህቲቱ ሰላምታ ሲሰጥ ዓይኑን ግድግዳ ላይ ይተክላል። ጀማል ደግሞ እኔን ሲያየኝ ግድግዳ ነበር የሚያየው። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሰፈሩም እንደኔው አየ። ሴቶቹ ቧንቧ ላይ "ዘሀራ፣ የወንድምሽ ጓደኛ እንዴት ነው?" ይሉኛል፤ "ወንድምሽ" የምትለዋን እያስረዘሙ። እኔ እንስራዬን አነሳለሁ፤ አንገቴ ግን ይሞቃል።

ልጆቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሱበት ዓመት አፈሳ የበረታበት ነበር። አብዮት ጠባቂዎች ገበያ ይከባሉ፣ ኳስ ሜዳ ይከባሉ፤ ጎረምሳ ያገኙትን በኡራል መኪና ጭነው ለብሔራዊ ውትድርና ይወስዳሉ፤ መኪናው ወደ ሰሜን ይሄዳል፣ ከሰሜን የሚመጣ ግን የለም። ታዲያ አንድ ወሬ ተነሳ፤ ሚስት ያገባ፣ ወይም ሽማግሌ ልኮ የታጨ ይታለፋል የሚል። እውነት ይሁን ውሸት ማንም አላጣራም። እናቶች ወሬ ለማጣራት ጊዜ አልነበራቸውም። ያን ክረምት ጎባ ውስጥ የተደገሰውን ሠርግ ብታዩ ከተማው በደስታ ያበደ ይመስላችኋል። ድንጋጤ ነበር።

አዴ ሀሊማ አንድ ልጇን አስቀምጣ "ልዳርህ ነው" አለችው። ጀማል አንገቱን ደፋ። ጨዋ ልጅ ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ አንገት መድፋት ደግሞ እሺ ማለት ነው፤ ማን እንደሆነች አይጠየቅም፣ እግሩ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። እምቢ ማለት የሚፈልግ ጨዋ ልጅ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን በአገራችን ልማድ ውስጥ አልተጻፈም። አንገት መድፊያው አንድ ነው።

ሽማግሌዎቹ ገና ጤዛው ሳይረግፍ መጡ። ሼህ ኡመር ናቸው መሪያቸው፤ ነጭ ጥምጣም፣ ረጅም ዘንግ፤ ከኋላቸው ሁለት ሰዎች። እናቴ ወተት አቀረበች፤ አልነኩትም። ነገራቸው ሳይሰማ ወተት አይጠጣም።

"ቢስሚላህ" አሉ ሼህ ኡመር። "የመጣነው ለደግ ነው። አንድ ወይፈን አለን፤ ከእናንተ በረት አልወጣ ብሏል። ብናባርረው ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ እዚሁ እሰሩልን ብለን ነው።"

"የምን ወይፈን?" አለ አባቴ፣ ምንም እንዳልገባው። እንዳልገባው መሆን የአባት ወግ ነው።

"አንቱ ደግሞ! አራት ዓመት ሙሉ ሳርዎን ሲግጥ አላዩትም?"

"እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሳር የለኝም።"

ሳቁ። ከመጋረጃው ጀርባ እኔና እናቴ አፋችንን ይዘን ነበር። አባቴም ወጉ እንደሚያዘው "ቤተ ዘመድ ልጠይቅ፤ ከገበያው ቀን በኋላ ተመለሱ" አላቸው። ሼህ ኡመር ሲነሱ "የልጁን ልብ ጠይቃችሁ ነው?" አለ አባቴ።

"ምን ይጠየቃል? ልጁ ጨዋ ነው፤ ሊለው የፈለገውን እኛ እንላለን" አሉ ሼህ ኡመር።

እንግዲህ እናንተ አንባቢዎቼ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። የኔን ግማሽ ዕድሜ የበላችው እሷ ናት።

ከሁላችን የተደሰተው አማን ነው። ግቢው ውስጥ እየዞረ፣ ያለ አንድ መንተባተብ፣ "አሁን የትም አይሄድም! አሁን ወንድሜ ነው!" እያለ ይጮህ ነበር። ጀማል ግን ከቤታችን ቀረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። "አፍሮ ነው" አለች እናቴ። "ሙሽራ እኮ ነው።"

የገበያው ቀን ሊደርስ ሲል ጦጎና ወንዝ ወርጄ ልብስ አጥብ ነበር፤ ቀትር ላይ፣ ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ጀማል በድንጋዮቹ ላይ እየረገጠ መጣ። የታጨ ልጅ እጮኛውን ብቻዋን ወንዝ ላይ አያነጋግርም። ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳ ሳይሆን እኔን አየኝ።

"ዘሀራ፣ እኔ…" አለና ቆመ።

ምን ልለው እንደምችል ታውቃላችሁ። "ትወደኛለህ" ብዬ ልጨርስለት እችል ነበር፤ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፣ ከሰነበተም ሰንብቷል። ግን ያን ልጅ ዓመታት ሲጠብቅ አይቻለሁ፤ መጠበቅን የተማርኩት ከሱ ነው። እርጥቡን ጨርቅ ድንጋይ ላይ አኖርኩና ጠበቅሁት። ውሃው ይሄዳል። ከማዶ አንድ ሰው አህያዎቹን አጠጥቶ ነድቶ ሄደ። ጠበቅሁት።

"ቃል ፈልጌለት ነበር" አለኝ። "በኦሮምኛ ፈለግሁ፣ በአማርኛ ፈለግሁ፤ ቁርኣን ቤትም ካድሬ ስብሰባም ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ። ያለው ስድብ ብቻ ነው። እኔ ያለብኝ ነገር ግን ስድብ አይመስልም፣ ዘሀራ። ወላሂ አይመስልም። አማን ቃል ሲይዘው እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሲያወጣት እተነፍሳለሁ። እሱ ቤት ከሌለ እናንተ ቤት መምጣት አልችልም፤ በሩ የት እንዳለ እንኳ ይጠፋኛል። ሌሎቹ ልጆች ስለ ሴት ሲያወሩ የሚሉትን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ስለ ሴት ግን አይደለም የማውቀው። ይሄው ነው። ስሙ ምን እንደሆነ አላውቅም።"

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"እሱ ያውቃል?" አልኩት።

"አያውቅም።"

"እና ለኔ ለምን ነገርከኝ?"

"ሳታውቂ እንዳትወስጂኝ። አውቀሽ እሺ ካልሽ አብሬሽ እኖራለሁ፣ ክፉ አልናገርሽም፣ እናቴም ትተርፋለች። አላውቅም ነበር እንዳትዪኝ ግን። እምቢ ብትዪም አልቀየምሽም።"

አመመኝ? አዎ። የመኝታዬ ትራስ ያውቃል። ከሕመሙ በላይ የነበረው ግን ሌላ ነው፤ እስከ ዛሬም ስም አላወጣሁለትም፤ ተራራ ሥር ቆሞ ቀና ሲሉ የሚመጣው ዓይነት ነገር ነው። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ መጽሐፍ የሌለው፣ መስታወት የሌለው፣ እንደሱ ያለ ሌላ ሰው በዓለም ላይ ይኑር አይኑር የማያውቅ፣ ቃሉን ከባዶ መሬት ቆፍሮ አወጣና በሁለት እጁ ይዞ ለኔ አሳየኝ። ለሌላ ለማንም አላሳየም። በኋላ ያነበብኳቸው ደራሲዎች ሁሉ በሽልማትና በጭብጨባ የሠሩትን እሱ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ሠራው። ከዚያ ተነስቶ የልብስ ሳፋውን ተሸክሞልኝ ዳገቱን ወጣ።

ማታ እናቴ "ምን ትያለሽ?" ስትለኝ አንገቴን ደፋሁ። እሺ ማለቴ ነበር። አውቄ ነው። እሱን ከኡራል መኪና ላይ ለማውረድ የነበረኝ ገመድ ያ ብቻ ነበር። ደስተኛ እሆናለሁ ብዬ አይደለም፤ በሕይወት ያለ ሰው ይሻላል ብዬ ነው።

በገበያው ቀን ከበቡን። እኔና አዴ ሀሊማ ቅቤ ተራው ላይ ነበርን፤ ምራት ልትሆነኝ ነው ብላ አጠገቧ አስቀምጣኝ። ፊሽካ ተነፋ፤ ገበያው ተተራመሰ፤ ጎረምሶቹን እየያዙ ፈረስ መሸጫው ላይ አሰለፏቸው። አማንና ጀማል እንደ ልማዳቸው እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ተያዙ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እየዞረ ማንነታቸውን ይለይ ነበርና ጀማል ጋ ሲደርስ "ይሄ ሙሽራ ነው፤ ሽማግሌ ልኳል፤ ልቀቁት" አለ። ወሬው እውነት ኖሯል! አዴ ሀሊማ "አልሐምዱሊላህ!" ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጀማልን ከሰልፉ ገፍተው አወጡት። መጥቶ አጠገባችን ቆመ።

ከዚያ አንድ ወታደር አማን ፊት ቆመ።

"ስም!"

"አ… አ… አ…"

"አበበ?" አለ ወታደሩ። ጓደኞቹ ሳቁ።

"አ… አ…"

"አየለ? አሰፋ? ምን ልበልህ፤ ስምህ አልተሰጠህም እንዴ?" ጥፊ አነሳ፤ ሰጠውም። "አበበ ብለህ ጻፈው፤ ከዚህ ምላስ ስም አይወጣም።"

ጀማል ከአጠገባችን የሄደበትን ቅጽበት አላየሁም። ያየሁት ወታደሩ ፊት ቆሞ ነው። አሁን "አማን ይባላል" ይለዋል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔም ጠብቄ ነበር። አላለም። በሕይወቱ አንድ ጊዜም የአማንን ቃል ጨርሶ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልጨረሰም።

"ጌታዬ፣ ይጠብቁት" አለ። "ይለዋል።"

"አንተ ማነህ?"

"እኔ እጠብቀዋለሁ። እርስዎም ይጠብቁት።"

ምን እንደነካው አላውቅም፤ ወታደሩ ዝም አለ። ጓደኞቹም ዝም አሉ። ገበያው ዝም አለ፤ ፈረሶቹ ሳይቀሩ ዝም ያሉ ይመስለኛል፣ ምንም እንኳ ይሄን የሚለው የሴት ትዝታ ነው ብላችሁ ብትቀንሱት አልቀየምም። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ፣ አንድን ሰው ቃሉን እስኪጨርስ ጠበቀው።

"አማን" አለ ወንድሜ። "አማን ነኝ።"

ወደ መኪናው ነዱት። ጀማልም ከኋላው ተራመደ። ሊቀመንበሩ "አንተ ተለቀሃል እኮ!" አለው። "አውቃለሁ" አለና ተሳፈረ። አዴ ሀሊማ የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። "እዚያ ማን ይጠብቀዋል፣ እማ?" ብሎ ከመኪናው ላይ የመለሰላትን ግን እጽፈዋለሁ፤ ሁሉም ሰምቶታልና።

አዎ፣ ሁሉም ሰምቶታል። አሁን የምነግራችሁን ስሙ። ሊቀመንበሩ የቅቤ ተራው ጉቶ ላይ ወጣና "ጓዶች! እውነተኛ አብዮታዊ ጓድነት ምን እንደሆነ ዛሬ በዓይናችሁ አያችሁ!" አለ። ገበያው አጨበጨበ። ጎባ ውስጥ ታይቶ የማያውቅ የፍቅር ኑዛዜ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ መሐል፣ በወታደርና በካድሬ ፊት ተነገረ፤ ሕዝቡም በሙሉ ሰምቶ አጨበጨበ፤ ምን እንደሰማ የገባው ግን አንድ ሰው አልነበረም። ከኔ በቀር። ሼህ ኡመር እንባቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ እየጠረጉ "ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው" አሉ። እሳቸውም ጨረሱለት።

ጀማል አልተመለሰም። አማን መንግሥቱ ሲወድቅ በእግሩ፣ በብዙ አገር ዞሮ መጣ። አዴ ሀሊማ ያኔ አፈር ውስጥ ነበረች። ከተማው እኔን "የጀግናው እጮኛ" ብሎ ስም አወጣልኝ፤ በየመንገዱ ከንፈር ይመጠጥልኛል፤ ያልተናገርኩትን ኀዘን በየአፉ ይጨርስልኛል። ሻንጣዬን አነሳሁ። ወንድሜ አግባብቶ ሊያስቀረኝ ሞከረ፤ ቃሉን እስኪጨርስ ጠብቄው ሄድኩ።

ባለፈው ሳምንት አማን ደወለ። ሐጅ ሊሄድ ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው ያስቀየመውን ሁሉ "ዐውፍ በለኝ" እያለ ይዞራል፤ ዕዳውን አራግፎ ነው የሚሄደው። መቼም ስድሳ አልፎታል፤ ልጆቹን ድሯል፤ የመጀመሪያውን ጀማል ብሎታል። ሁሉንም ዞሬ ጨርሻለሁ፣ አንቺ ብቻ ቀርተሻል አለኝ።

"እኔን ምን በድለኸኝ?" አልኩት።

ዝም አለ። ቃሉ ተይዞ ነበር። ጠበቅሁት።

"መ… መኪናው ላይ" አለኝ። "ከዶዶላ አልፈን። ሌሎቹ ተኝተው ነበር። ጀማል 'አማን፣ እኔ አንተን…' አለና ቃል ጠፋው። እሱን ቃል ሲጠፋው አይቼ አላውቅም፤ ፊቱን አየሁት፣ ዘሀራ፤ ምን ሊል እንደሆነ አወቅሁ። ፈራሁ። 'እንደ ወንድምህ ትወደኛለህ፤ አውቃለሁ' አልኩት። ጨ… ጨረስኩለት። እኔ! ትንሽ አየኝና 'አዎ፣ እንደሱ ነው' አለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት ቀን አልደገመውም። አንድም ሳልንተባተብ ነው ያልኩት፣ ዘሀራ። አንድም።"

ያለቅስ ነበር። ከዚያ "ዐ… ዐ… ዐ…" አለ። ልጨርስለት እችል ነበር፤ አልጨረስኩለትም። ጀማል እንደሚጠብቀው ጠበቅሁት፣ ቃሉም በራሷ እግር ቆማ ወጣች፤ "ዐውፍ በይኝ" አለኝ።

"አልልህም" አልኩት።

እናንተም መጨረሻውን ልታቀብሉኝ አፋችሁን እንደከፈታችሁ አውቃለሁ፤ "አርጅተሻል፣ እሱም አርጅቷል፣ ጊዜው ነው" ልትሉ። ዝጉት። ወታደሩን ይቅር አልልም፣ ሊቀመንበሩንም። ሼህ ኡመርን ከነጥምጣማቸው፣ ያጨበጨበውን ገበያ ከነፈረሱ ይቅር አልልም። ወንድሜንም አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።